ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፦ የተገለበጠ ድምፅ ለጆሮ የሚያስተምረው



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ትንሽ መሣሪያ ነው። በስልክ ወይም በኮምፒውተር ብራውዘር የሚከፈት ገጽ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ የሚጫን ፕሮግራምም የለውም። የተቀዳ ድምፅ ትሰጡታላችሁ፣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ገልብጦ ያሰማችኋል። ሥራው ይኸው ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ ገጾች ብዙ ናቸው፤ ብዙ ሰው አንዴ ከፍቶ ስሙን ይገለብጥበታል፣ ይስቃል፣ ይዘጋዋል። ሳቁ ደግ ነው። እኔ የመጣሁት ከሳቁ ወዲያ ስላለው ነገር ልነግራችሁ ነው፤ ስለ ጆሯችንና ስለ ቋንቋችን ይህን ያህል በግልጽ የሚያስተምር ሌላ ነፃ መሣሪያ አላውቅምና።

የምለውን በአጭሩ ላስቀድም። ድምፅ ሲገለበጥ የሚጨመርበትም የሚቀነስለትም ነገር የለም። ቅጥነቱና ውፍረቱ፣ ጉልበቱ፣ ርዝመቱ፣ የተናጋሪው ማንነት ሁሉ እዚያው አለ። የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። እንግዲህ በተገለበጠው ድምፅ ውስጥ የጠፋብን ነገር ሁሉ ቀድሞም የተቀመጠው በቅደም ተከተሉ ላይ ነበር ማለት ነው። በተገለበጠው ውስጥ አዲስ ቃል ሰማን ካልን ደግሞ፣ ያን ቃል ያመጣነው እኛው ነን። የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ በሁለቱ ነጥቦች ዙሪያ ይዞራል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሙዚቃ እንጀምር፤ እዚያ ነገሩ በቀላሉ ይሰማል። የክራርን ጅማት አንዴ ነክታችሁ ቅዱ። ድምፁ ድንገት ይነሣል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይሞታል። ስትሰሙትም ቀድመው የሚጠፉት ቀጫጭኖቹና ብሩሆቹ ድምፆች ናቸው፤ ወፍራሙ ወደ ኋላ ይቆያል። ይህን ገልብጡት። ከጸጥታ ውስጥ አንድ የደበዘዘ ነገር ይመጣል፣ እያደገና እየበራ ይሄዳል፣ ከዚያ ጫፉ ላይ ሲደርስ ቁርጥ ይላል። ክራር መሆኑን ለማወቅ ትቸገራላችሁ፤ አኮርዲዮን የሚመስለው ሰው አለ። አሁን ደግሞ ማሲንቆ ቅዱና ገልብጡ። የጭራው መምቻ ድምፁን ከመነሻ እስከ መድረሻ ስለሚይዘው ለውጡ በጣም ያነሰ ነው፤ ማሲንቆ ማሲንቆ ሆኖ ይቀራል። እልልታም እንዲሁ ነው። ምላስ ወዲያና ወዲህ የምትመታበት ፍጥነት ከየትኛውም ወገን ቢሰማ አንድ ስለሆነ፣ መነሻውና መድረሻው ካልሆነ በቀር መሐሉ ብዙም አይለወጥም። ከበሮ ግን ፈጽሞ ሌላ ፍጡር ይሆናል።

ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ነገር አለ። አንድን መሣሪያ የምናውቀው በድምፁ ቀለም ብቻ ይመስለናል፤ ጆሮ ግን አነሣሡንና አሟሟቱን አጥብቆ ይመዘግባል። በፓሪስ ሬዲዮ ይሠራ የነበረው ፒየር ሼፈር በ1948 የባቡርንና የሌሎች ነገሮችን ድምፅ በሸክላ ላይ ቀድቶ እየቆረጠና እየገለበጠ ሙዚቃ መሥራት ሲጀምር ያስደነቀው አንዱ ነገር ይኸው ነበር። የደወልን ድምፅ መነሻውን ቢቆርጡት ደወል መሆኑ ይጠፋል።

መገልበጥ ራሱ የቅጂ ያህል ዕድሜ አለው። ቶማስ ኤዲሰን በ1877 የሠራው ፎኖግራፍ በእጅ የሚዞር እጀታ ነበረው፤ ድምፁ የሚቀረጸው በሲሊንደር ላይ በተጠቀለለ ስስ የቆርቆሮ ቅጠል ላይ ነው። እጀታውን ወደ ኋላ ከማዞር ማንንም የሚከለክል የለም። ገና በ1878 ዜማ ተገልብጦ ሲሰማ አዲስና ጣዕም ያለው ሌላ ዜማ እንደሚሆን ታውቆ ነበር። የዚህ መሣሪያ ዘር ወደ እኛም ቶሎ ደርሷል። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ለአጼ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ሰላምታቸውን በፎኖግራፍ ቀርጸው ልከዋል፤ ከእነርሱም ምላሽ በድምፅ ሄዷል። ከዚያ በኋላ የመጣው የቴፕ ዘመን ነገሩን ይበልጥ አቀለለው። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል በካሴት ያደጋችሁ፣ የማጫወቻው ራስ ትንሽ ሲዛባ ከዘፈኑ ሥር የሚያጉተመትም ነገር ሰምታችሁ ይሆናል። ያ የሌላው ፊት ዘፈን ነበር። የካሴት ሁለቱ ፊቶች በአንዱ ቴፕ ላይ ጎን ለጎን በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚቀዱ፣ አንዱ ወደፊት ሲሄድ ሌላው ወደ ኋላ ይሄዳል።

በ1966 የቢትልስ ባንድ አባላት በለንደን ስቱዲዮ ውስጥ ይህን ወደ ሕዝብ ጆሮ አመጡት። «ሬይን» በተባለው ዘፈናቸው መጨረሻ ላይ የጆን ሌነን ድምፅ ተገልብጦ ይሰማል። «አይም ኦንሊ ስሊፒንግ» በተባለው ውስጥ ደግሞ ጆርጅ ሃሪሰን የሠራው ይበልጥ ያስገርማል፤ ጊታሩን ዝም ብሎ ተጫውቶ አላስገለበጠም። ቴፑ ሲገለበጥ ዜማው በሚፈለገው ቅደም ተከተል እንዲወጣ አስቀድሞ አስቦ፣ ኖታዎቹን ከኋላ ወደ ፊት ተጫወታቸው። ብዙ ሰዓት የወሰደ ሥራ ነበር።

ዛሬ በብራውዘር ውስጥ የሚደረገው ምንድን ነው? ዲጂታል ድምፅ የቁጥር ዝርዝር ነው። በሲዲ ጥራት ለእያንዳንዱ ሰከንድ 44,100 ቁጥሮች ይመዘገባሉ፤ እያንዳንዱ ቁጥር በዚያች ቅጽበት የአየሩ ግፊት የት እንደነበረ ይናገራል። በክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ አስቡት፤ መገልበጥ ማለት ዶቃዎቹን ሳይነኩ ክሩን ከሌላው ጫፍ መቁጠር ነው። የአንድ ደቂቃ ቅጂ በአንድ ወገን ብቻ 2,646,000 ቁጥር ይሆናል፣ ስልካችሁ ይህን ለመገልበጥ ዐይን ከማርገብገብ የሚበልጥ ጊዜ አይፈልግም። ስቴሪዮ ሲሆን ግራውና ቀኙ ለየብቻ ይገለበጣሉ፤ ግራው ግራ ሆኖ ይቀራል። ኤምፒስሪ ፋይል ግን እንዳለ አይገለበጥም፤ ታምቆ የተቀመጠ ስለሆነ መጀመሪያ ተፈትቶ ወደ ቁጥር ዝርዝርነት መመለስ አለበት። ይህን የመፍታት ሥራ ብራውዘሩ ራሱ የሚሠራው ዌብ ኦዲዮ በሚባል ችሎታ ነው፤ የድረ ገጽን ደንቦች የሚያወጣው ደብሊውስሪሲ በ2021 ሙሉ ደንብ አድርጎ አጽድቆታል።

አሁን ወደ አማርኛ ልምጣ፤ እኔን የሚያስደስተኝ ይህኛው ክፍል ነው። ልጆች ቃል መገልበጥ ይወዳሉ፤ የሚገለብጡት ግን ፊደሉን ነው። «ሰላም» ሲገለበጥ ምን ይሆናል ብላችሁ ብትጠይቁ «ምላሰ» ይሏችኋል። መሣሪያው ግን እንዲህ አይልም። ቀድታችሁ ስትገለብጡት የምትሰሙት «ማለስ» የሚመስል ነገር ነው። ምክንያቱም ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ አካል አዋሕዶ ይጽፋል፤ «ሰ» ለዐይን አንድ ናት፣ ለጆሮ ግን ሁለት ድምፆች ናት፣ ሲገለበጥም አናባቢዋ ቀድሞ ይወጣል። «በላ» ብትሉ «አለብ» የሚመስል ትሰማላችሁ። «አበባ» ብትሉ ደግሞ፣ ፊደሉ ሲገለበጥ «ባበአ» የሚሆነው ቃል፣ በድምፅ ሲገለበጥ ተመልሶ «አበባ» ይሆናል። «አዲስ አበባ» የምትለው ከተማችን «አበባ ሲዳ» ትሆናለች።

ለልጅ ስለ ፊደል አሠራር ረጅም ማብራሪያ ከመስጠት ይህን ማሰማት ይበልጣል። አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር በአንድ ስልክ ብቻ፣ ፊደል ከአንድ ድምፅ በላይ መያዙን ለሙሉ ክፍል በአምስት ደቂቃ ሊያሳይ ይችላል።

ወደ መጥበቅና መላላት ስንመጣ ደግሞ መሣሪያው ፊደላችን የማይጽፈውን ይጠብቅልናል። «ገና» የሚለውን ቃል በዓሉን ስንል አጥብቀን፣ ጊዜውን ስንል አላልተን እንለዋለን፤ ጽሑፉ አንድ ነው። ሁለቱንም ቅዱና ገልብጡ። አንዱ ረጅም «ን» ይዞ፣ ሌላው አጭር «ን» ይዞ ይመለሳል። መጥበቅ የጊዜ ርዝመት ስለሆነ አቅጣጫ ሲለወጥ አይጠፋም።

የሚጠፋው ሌላ ነው። «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» በጉሮሮ ተይዘው የሚፈነዱ ድምፆች ናቸው። መጀመሪያ አየሩ ይታገዳል፣ አጭር ጸጥታ ይሆናል፣ ከዚያ ይፈነዳል፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ አናባቢው ይከተላል። «ጠጣ» ብላችሁ ገልብጡት። አናባቢው ቀድሞ ይመጣል፣ ፍንዳታው ከአናባቢው በኋላ ያለ መነሻ ይወረወራል፣ ከዚያ ጸጥታ። ማንም አማርኛ ተናጋሪ «ጠ» ነው ብሎ አይምልበትም። አበባም ቢሆን ፍጹም አበባ ሆኖ አይመለስም። ከንፈር «በ»ን ሲዘጋና ሲከፍት የሚሰማው አንድ አይደለም፤ ደግሞም ቃሉን ስንጨርስ ድምፃችን ይወርዳል፣ ሲገለበጥ ግን ከወረደበት ተነሥቶ ይወጣል፤ በባዕድ ሰው አፍ የተነገረ ይመስላል። ንግግር የሚሠራው ወደፊት በሚሄድ ትንፋሽ ነው፤ እያንዳንዱ ድምፅ ከኋላው የሚመጣውን እያዘጋጀ ይሄዳል።

ይህን የአቅጣጫ ነገር ጨቅላ ሕፃናት እንኳ ያውቁታል። በ2000 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ለፈረንሳይ አራስ ሕፃናት የደችና የጃፓን ዓረፍተ ነገሮችን አሰማ። ሕፃናቱ ሁለቱን ቋንቋዎች ለዩ። ዓረፍተ ነገሮቹ ሲገለበጡ ግን መለየት አልቻሉም። በዚያው ጥናት ታማሪን የሚባሉ ትናንሽ ጦጣዎችም ልክ እንዲሁ አደረጉ። በ2003 ደግሞ በጣሊያን አራስ ሕፃናት ላይ በተደረገ ሌላ ጥናት፣ ወደፊት የሚሄድ ንግግር ሲሰሙ የአንጎላቸው ግራ ክፍል ከተገለበጠው ንግግር ይልቅ በርትቶ ሲሠራ ታይቷል። ተመራማሪዎች የተገለበጠ ንግግርን የሚወዱት ለዚህ ነው፤ ሁሉ ነገሩ ከንግግር ጋር እኩል ሆኖ፣ ንግግርነቱ ብቻ የጎደለ ማነጻጸሪያ ሌላ ከየት ይገኛል?

አንድ ሌላ ሙከራ ግን ይህን ሁሉ ያወሳስበዋል፣ መልካም በሆነ መንገድ። በ1999 ኮሮሽ ሳበሪና ዴቪድ ፔሮት በ«ኔቸር» ባወጡት ሥራ፣ አንድን ዓረፍተ ነገር ጠቅላላውን መገልበጡን ትተው በትናንሽ ቁራጭ ከፈሉት፤ ከዚያ እያንዳንዱን ቁራጭ እቦታው ላይ ገለበጡት። ቁራጩ ከሰከንድ አንድ ሺህ ክፍሎች 50 ያህሉ ሲሆን ሰሚው ሁሉንም ነገር ተረዳ። ወደ 130 ሲደርስ የሚገባው ግማሽ ያህሉ ሆነ። ጆሯችን በአጭሩ የተዘበራረቀውን ራሱ ይጠግናል ማለት ነው፤ ርዝመቱ ሲያልፍበት ግን ይሸነፋል። ትዕግሥት ያላችሁ ይህን በብራውዘር መሣሪያ እየቆራረጣችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

እንግዲህ መልእክት ተደብቋል ወደሚባለው ክርክር ልግባ፤ ብዙ ወጣቶች ይህን መሣሪያ የሚፈልጉት ለእርሱ ነውና። በ1969 በአሜሪካ፣ በዲትሮይት ሬዲዮ ጣቢያ ሳይቀር፣ የቢትልስ ሸክላዎች ወደ ኋላ ሲዞሩ የባንዱ አባል ፖል ማካርትኒ መሞቱን ይናገራሉ የሚል ወሬ ተዛመተ። ፖል በሕይወት ነበር። በ1982 በካሊፎርኒያ የሕግ አውጪዎች ኮሚቴ ፊት የሌድ ዘፐሊን ባንድ ዘፈን፣ መልእክት ተደብቆበታል ተብሎ፣ ተገልብጦ ተሰማ። በ1990 ደግሞ በኔቫዳ፣ ሪኖ ከተማ፣ ጁዳስ ፕሪስት የተባለው ባንድ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ የሁለት ወጣቶች ቤተሰቦች ልጆቻችንን ያጣናቸው በዘፈን ውስጥ በተደበቀ መልእክት ነው ብለው ከስሰው ነበር። ሐዘናቸው እውነተኛ ነበር። ዳኛው ግን ተሰማ የተባለው ቃል ድምፆች በአጋጣሚ ተገጣጥመው የፈጠሩት እንጂ ሆን ተብሎ የገባ እንዳልሆነ ወስነው ክሱን ዘጉት።

ከፍርዱ አምስት ዓመት በፊት፣ በካናዳ የሌዝብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጆን ቮኪና ዶን ሪድ ነገሩን በሙከራ ፈትነውት ነበር። ከመዝሙረ ዳዊት 23ኛውን ቀድተው ገለበጡት። ከዚያ በውስጡ የሚመስሉ ሐረጎችን ራሳቸው ፈልገው አገኙ፣ በጣም አስቂኝ የሆኑትንም ጭምር። ሰሚዎች ምን እንደሚጠብቁ ሲነገራቸው ሰሙት፤ ሳይነገራቸው ግን በራሳቸው ያን ሐረግ አልሰሙም። ተናጋሪው ወንድ ይሁን ሴት፣ ሁለት ቅጂዎች የአንድ ሰው ይሁኑ የሁለት፣ ቋንቋው የትኛው ይሁን ከግምት በላይ ለዩ። የተነገረው ነገር ትርጉም ግን በተገለበጠው በኩል ወደ አእምሯቸው የገባበት አንዳች ምልክት አልተገኘም።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ጉዳይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገናል እላለሁ። ሰምና ወርቅ ለምዶ ያደገ ጆሮ ከላይ ያለውን ንግግር አልፎ ከሥሩ ያለውን ይፈልጋል፤ ይህ የኮራንበት ችሎታ ነው። ነገር ግን ባለቅኔው ኅብረ ቃሉን አውቆ ነው የሚያኖረው፤ ቅኔውን የሰሙ ሁለት ተማሪዎች ሳይመካከሩ ቢፈቱት እዚያው ወርቅ ላይ መገናኘት ይችላሉ። የተገለበጠ ዘፈንን ግን ሁለት ሰው ለየብቻው ቢሰማው ሁለት የተለያየ ነገር ይጽፋል፤ የሚስማሙት አንድ ሰው መጥቶ «እንዲህ ይላል» ብሎ ጽሑፉን በስክሪኑ ላይ ካሳያቸው በኋላ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲደርሳችሁ ጽሑፉን ሳታሳዩ ድምፁን ብቻ ለሦስት ጓደኞቻችሁ አሰሙና የሰሙትን ለየብቻ ጻፉ በሏቸው። የሰውን ስምና እምነት የሚነካ ክስ በዚህ ፈተና ሳያልፍ ከእጃችሁ ባይወጣ እወዳለሁ።

ለሙያ የሚሆነውንም ላንሣ። ለሬዲዮ ድራማና ለፊልም ድምፅ የምትሠሩ ይህን ያዙ፦ የአንድ ተዋናይ ድምፅ ገልብጡ፣ በተገለበጠው ላይ ማሚቶ ጨምሩበት፣ ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ መልሳችሁ ገልብጡ። ንግግሩ ቀና ሆኖ ይሰማል፣ ማሚቶው ግን ከቃሉ ቀድሞ ይመጣል፤ ቃሉ ከመነገሩ በፊት ክፍሉ ውስጥ ይሰማል። ለሕልም፣ ለትዝታ፣ ለመንፈስ ድምፅ ከዚህ የሚሻል ቀላል ዘዴ የለም። «ትዊን ፒክስ» በተባለው የ1990 የቴሌቪዥን ድራማ ደግሞ ተዋናዮቹ ቃላቸውን እየገለበጡ ተናገሩ፣ ቅጂው መልሶ ሲገለበጥ ንግግሩ ይገባል ግን ከሰው ዓለም የወጣ አይመስልም። ይህን በቤታችሁ መጫወት ትችላላችሁ፦ ቃል ቅዱ፣ ገልብጡ፣ የተገለበጠውን በአፋችሁ አስመስላችሁ ቅዱ፣ ያንን መልሳችሁ ገልብጡ። «ጠ» እና «ቀ» ላይ ሁሉም ሰው ይሰናከላል።

ስለ አጠቃቀሙ ጥቂት ነገር። መልካም የሆነው ገጽ ፋይላችሁን ወደ ሌላ ኮምፒውተር አይልክም፤ ሥራው በሙሉ በእናንተው ስልክ ውስጥ ያልቃል። ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው፤ ገጹ ከተከፈተ በኋላ ዳታችሁንም ዋይፋያችሁንም ዝጉና ገልብጡ። ከሠራ ድምፃችሁ ከስልኩ አልወጣም፣ ፓኬጃችሁም አልተነካም። ካልሠራ የግል ነገር አትስጡት። ረጅም ቅጂ ግን ስልክን ያስጨንቃል፤ ስቴሪዮ ድምፅ ተፈትቶ በስልኩ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ሲቀመጥ በደቂቃ ወደ 21 ሜጋባይት ስለሚይዝ፣ የአንድ ሰዓት ስብከት ወይም ቃለ መጠይቅ ከ1 ጊጋባይት ይበልጣል፣ ገጹም ሊዘጋባችሁ ይችላል። የምትፈልጉትን ክፍል አስቀድማችሁ ቁረጡ። ውጤቱን ደግማችሁ የምትሠሩበት ከሆነ በዌቭ ፎርማት አውርዱት፤ ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ዌቭ ዋናውን ቅንጣት ሳያጎድል ይመልሳል፣ ኤምፒስሪ ግን በተቀመጠ ቁጥር ጥቂት ይሸረሸራል።

በመጨረሻ ለጋዜጠኞች የምለው አለኝ፣ ይህን ከሌላው ሁሉ አጥብቄ እለዋለሁ። የመረጃ ምንጫችሁን ድምፅ ለመደበቅ ብላችሁ አትገልብጡት። የገለበጣችሁትን ማንም ሰው በአንድ ጠቅታ ይመልሰዋል፤ ሳይመልሰው እንኳ የምንጩን ድምፅ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ሊለየው ይችላል፤ የካናዳው ሙከራም ወደዚህ ይጠቁማል። ሰውየው ወይም ሴትየዋ አደጋ ላይ ከሆኑ ቃላቸውን ጽፋችሁ በሌላ ሰው አስነብቡት፣ ዋናውን ቅጂም ለማንም አታጋሩ።

አሁን ስልኮቻችሁን አውጡ። ከፊት የተቀመጣችሁት ልጆች ስማችሁን ቅዱና፣ የመገልበጫውን ቁልፍ ከመጫናችሁ በፊት ሲገለበጥ እንዴት እንደሚሰማ በወረቀት ጻፉልኝ። ፊደሉን ሳይሆን ድምፁን ገልብጡ። ማን ይጀምራል?